ያላመመኝ ሆዴ

ታናሽ ወንድሜ በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ተራራ መውጣት መጀመሩን የነገረኝ ቀን ንግግሩን ሳይጨርስ ነው የተቆጣሁት። መውረዱ እሺ ይገባኛል፤ ሰው በሊፍት ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣል፣ ቤቱ ይገባል። እሱ ግን ሊፍት የለ፣ መንገድ የለ፣ ስልክ የለ፣ ሄሊኮፕተር ከሰው አገር አርቆ በረዶ ላይ ይጥለውና በገዛ እግሩ ሽቅብ ይወጣል። ያውም ለመዝናናት! "አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ?" አልኩት። "ጋሽዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብረኸኝ ና፤ ካልወደድከው ሁለተኛ አላነሳብህም" አለኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ለእህታችን ደወልኩላትና በእሱ ስንስቅ አመሸን።

በእኔና በእሱ መካከል ሃያ ዓመት አለ። እኔ ቀድሜ ቶሮንቶ መጣሁ፤ ቆይቼ እናታችንን፣ እህታችንንና እሱን በስፖንሰር አመጣኋቸው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሠፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች በተደራራቢ አልጋ እየተኛን ነው ያሳደግሁት። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የምሄደው እኔ፣ ቅዳሜ ቁርኣን ቤት የማደርሰው እኔ፣ ሲያጠፋ የምቆጣው እኔ። አባታችን አዲስ አበባ ሆኖ ጉዳዩን እየጠበቀ ነበር፤ ቪዛው ሳይመጣ ሞት ቀደመው።

የአባታችንን መርዶ ካልነገርኳችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። ለልጁ በወጉ እንዲነገረው ከሽማግሌዎች ጋር እየተመካከርን ሳለን፣ አንድ ችኩል ዘመድ ከሌላ አገር በቀጥታ ስልኩ ላይ ደወለለት። "አላህ ያጽናህ፣ አባትህ እኮ…" አለው። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ አስፋልቱ ገባ። መኪና መታው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አራት ወር ተኛ። እኔ አልጋው ጎን ቆሜ፣ ይሄ ልጅ ከእንግዲህ ክፉ ወሬ ብቻውን አይሰማም፤ ሰው ከብቦት፣ ተቀምጦ፣ እጁ ተይዞ ካልሆነ በቀር አይሰማም ብዬ ማልኩ።

እግሩ ዳነ፤ አድጎ ኢንጂነር ሆነ፤ ያንኑ እግሩን ይዞ ተራራ ወደደ። ሦስት ዊንተር ሙሉ ሲነዘንዘኝ ቆይቶ በመጨረሻ ቶሮንቶ አጠገብ ባሉት ጉብታዎች ላይ ስኪ አስተማረኝ። ስወድቅ ይስቃል፤ ስቆጣ ይብስበታል። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን የምውል ሰውዬ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ በልጅ ጨዋታ ተለከፍኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ወደድኩት። ያን ስፕሪንግ፣ ቶሮንቶ በረዶው ቀልጦ ሰው ካፖርቱን ሲጥል፣ እኔና እሱ በረዶ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተራሮች ለመብረር ትኬት ቆረጥን።

ከመሄዴ በፊት እናታችንን ልሰናበት ክሬሰንት ታውን እህታችን ቤት ሄድኩ። መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። "እሱስ ልጅ ነው፤ አንተን ምን ነክቶህ ነው?" አለችኝና ሳቋን መያዝ አቃታት። ጉልበቷን ስስም ግን ራሴን ይዛ፣ "ወንድምህን አደራ። እንደወሰድከው ሙሉውን መልስልኝ" አለች።

"እሱ ነው እንጂ እኔን የወሰደኝ!"

"ቢሆንም። አደራ" አለች።

ተራራውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሄሊኮፕተሩ አውርዶን ሲሄድ የቀረው ጸጥታ አስደነገጠኝ። እኔ የምኖርበት ሬክስዴል ሠፈር አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ እያለፈ ነው የምተኛው፤ ጸጥታ አልለመድኩም። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ወንድሜና መሪያችን። መሪያችን ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ቃል የምትቆጥብ፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆራት ፈረንጅ ናት። ሽቅብ ስንወጣ ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት ከስኪያችን ሥር ጸጉራም ጨርቅ እንለጥፋለን፤ ብንወድቅ በረዶው ላይ ሰክተን የምንቆምበት ትንሽ መጥረቢያም በእጃችን አለ። ደረታችን ላይ ደግሞ በረዶ ቢቀብረን የት እንዳለን የሚጠቁም መሣሪያ ታስሮልናል። "ቢቀብረን?" አልኩ ሲያስሩልኝ። ማንም አልሳቀም።

የተራራው ሕግ አንድ ነው። ጠዋት በረዶው ድንጋይ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል፤ ከረፋዱ በኋላ ከነተራራው ወገብ ተንዶ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀን ከሩቅ ሲናድ አየሁ። ድምፁ ሳይደርሰኝ በፊት ነጭ አቧራው ወደ ሰማይ ሲነሳ አየሁ። አንድ ሠፈር የሚውጥ ነገር ነው! "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ስል ወንድሜ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ሪላክስ ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ ትንሹ ነው" አለኝ። ትንሹ! እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን አንድ ጫፍ ላይ አወጣኝ፤ እዚያ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ፣ እናቴ ያላየችው ውበት እንዳለ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ለሻይ በረዶ እያቀለጥኩ ነበር። ወንድሜ ውስጥ ተኝቷል። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ በሳተላይት አጭር መልእክት የምትቀበል ትንሽ መሣሪያ ይዤ ነበር፤ አድራሻዋን ያላት እህታችን ብቻ ናት። ጮኸች። የአማርኛ ፊደል ስለማትቀበል እህቴ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፍልኝ። እንደዚያ የተጻፈ ነገር በአንድ ጊዜ አይነበብም፤ ቃል በቃል ነው የሚለቀመው። ለቀምኩ። እማዬ። ሱብሒ ሰግዳ። መስገጃዋ ላይ። እንደተቀመጠች። ዱዓ አደረገችላችሁ ልትለኝ ነው ብዬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የነበረው ቃል "አረፈች" ነው።

የቀረውን በየትኛው ዐይኔ እንዳነበብኩት አላውቅም። ቀብሯ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፣ የመስጊዱ ሰዎች ከዚያ በላይ ማሳደር አይሆንም ብለዋል፣ ይላል። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሊነግሩት ነገ ጠዋት እኔ ቤት፣ ክሬሰንት ታውን፣ ይጠብቁታል። ልጁን እንዳትነግረው። እንደምንም ብለህ አምጣው።

በረዶው ላይ ተንበረከክሁ። እናቴ ሞታ ድስቱ መፍላቱን ቀጠለ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በድስቱ ተናደድኩ። ልጮህ ፈለግሁ፤ ከአንድ ጨርቅ ወዲያ ወንድሜ ያንኮራፋል። እጅጌዬን ነክሼ ዋጥኩት። ኢና ሊላሂ እንኳ ያልኩት በሆዴ ነው።

መሪያችን አይታኝ መጣች። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። መጀመሪያ እጄን ያዘች፤ ቀጥላ ሰማዩን አየች። ሄሊኮፕተር መጥራት ይቻላል፣ ግን እዚህ ነፋሱ ስለማያሳርፈው ታች ሜዳው ድረስ መሄድ አለብን አለችኝ። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ትልቁን ቁልቁለት ፀሐይ ሳያላላው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት መውረድ አለብን። "ሂድ ቀስቅሰህ ንገረው" አለች።

"አይሆንም" አልኳት።

"እናቱ እኮ ናት።"

"እናቱ ስለሆነች ነዋ!" በሹክሹክታ ጮህኩባት። ስለ አባታችን፣ ስለ መኪናው፣ ስለ እግሩ ባጭሩ ነገርኳት። ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ። በልቧ እብድ ነው ያለችኝ፤ በእሷ አገር ሰው ሲሞት ለልጁ ይደወላል፣ አለቀ። ግን ቁልቁለቱንም ዞር ብላ አየችው። "እዚያ ላይ የሚያለቅስ ሰው አልፈልግም" አለች ቆይታ። "ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ትነግረዋለህ። ቃል ግባልኝ።" ቃል ገባሁላት።

ይህን ጊዜ ወንድሜ ራሱን ከድንኳኑ አወጣ። "ጋሽዬ! ምን ሆንክ?"

"ሆዴ" አልኩ።

አስቤበት አይደለም። እንደተንበረከክሁ ሆዴን ይዤ ነበርና አፌ ያገኘውን ተናገረ። "ሆዴን እያመመኝ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመኝ ነው ያደረው።" ነገሩ በዚሁ ቢቆም ትንሽ ውሸት ነበር። ግን እንባዬ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ አጣሁለት። ወንድሜ እኔ ሳለቅስ አይቶ አያውቅም። አባታችን ሲሞት እንኳ እሱን ላጽናና ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "በሆድ ሕመም አንተ ታለቅሳለህ? ይሄማ ሲሪየስ ነው!" አለና ወደ መሪያችን ዞሮ ሄሊኮፕተር ጥሪ ብሎ ጮኸባት። እሷ ቀድማ ጠርታ ነበር።

ዕቃችንን ስንሸክፍ ሊያጫውተኝ ፈለገ። ልማዱ ነው፤ ሲፈራ ይቀልዳል። ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸኝ፣ "እማዬ፣ እይውማ ትልቁን ልጅሽን! በረዶ በልቶ ሆዱን ታመመ! እኔን በልጅነቴ ቆሻሻ አትብላ እያለ ይቆነጥጠኝ የነበረው እኮ ነው!" አለ። ከዚያ "ጋሽዬ፣ ለእማዬ እጅህን አንሳላት" አለኝ። አነሳሁ። ወላሂ አነሳሁ! ለሞተች እናቴ እጄን እያወዛወዝኩ ፈገግ አልኩ። ያ ቪዲዮ አሁንም ስልኩ ውስጥ አለ።

ቦርሳዬን አልሰጥም ብልም ነጠቀኝ። መሪያችን ለሦስት እንከፋፈለው ብትለው አልሰማም አለ፤ እልኸኛ ነው፣ ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። የራሱን ከጀርባው፣ የእኔን ከደረቱ አድርጎ ከፊቴ መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱ ከላይ ሲታይ መጨረሻ የለውም። በረዶው እንደ መስተዋት ጠጥሯል። እኔ በመነጽሬ ውስጥ እያለቀስኩ፣ እሱ የረገጠበትን እየረገጥኩ እከተለዋለሁ። መሃል ላይ ስንደርስ አንድ ስኪው ከዳው። ደረቱ ላይ ያለው ሸክም ወደ ፊት ጎተተው፤ ተደፋና ተንሸራተተ።

ድምፅ አላወጣም። ድንጋዮቹ ወዳሉበት እየፈጠነ ሲሄድ ቆሜ አየሁት፤ መሪያችን "መጥረቢያውን! መጥረቢያውን!" ትላለች። የበረዶ መጥረቢያውን በሁለት እጁ ሰክቶ ሲቆም ከድንጋዮቹ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ነበር የቀረው። ልጁን ከሞት ወሬ ላድነው ብዬ ወደ ሞት ላክሁት! ሸክሙ የእኔ ነው። የጤነኛ ሰው ሸክም! አደራ ያለችኝ እናቴ ሞታ ገና ቀን አልሞላትም። እሱ ግን ተነሳና በረዶውን አራግፎ ወደ ላይ ጮኸ፤ "አይዞህ ጋሽዬ፣ ደህና ነኝ! አንተ ብቻ ቀስ በል!"

ሜዳው ላይ ስንደርስ መሪያችን ፊቴን ፊቴን ታየኛለች። ወንድሜ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቦርሳዎቹን ይፈታል። በዚህ እጁ? በዚህ ሁኔታ? እህቴም በሳተላይቷ ደግማ ጽፋልኛለች፤ ብቻውን እንዳትነግረው፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ አይሆንም። ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ መሪያችን አቀፈችኝና "አሁን" አለችኝ በጆሮዬ። "ቤት ስንገባ" አልኳት። ለቀቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ካልጋሪ ድረስ አራት ሰዓት እሱ ነዳ። እዚያ እንደደረስን ወደ ሆስፒታል ሊታጠፍ ሆነ። እኔ ደግሞ ማታ የሚነሳውን አውሮፕላን ካላገኘን ቀብሩ አመለጠን። "ሐኪሜ ቶሮንቶ ነው ያለው፤ ታሪኬን የሚያውቀው እሱ ነው። ይልቅ ዛሬውኑ እንብረር" አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ግን ከአውሮፕላኑ እንደወረድን ቀጥታ ኢመርጀንሲ። ቤት የለ፣ ምን የለ። በእማዬ ማልልኝ" አለኝ።

በእማዬ ማልኩለት። ምን ላድርግ? አውሮፕላኑ ላይ ልወጣ!

ቶሮንቶ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አረፍን። አሁን ደህና ነኝ፣ ለቀቀኝ፣ እህታችን ጋ ሄደን ቁርስ እንብላ ብል ማን ይሰማኛል። "ትናንት ስታለቅስ ያየሁህ እኔ ነኝ" አለና በታክሲ ኤርፖርቱ አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ወሰደኝ። ትንሽ ቆይቼ ምንም አላገኙብኝም ብዬ እወጣለሁ አልኩ በልቤ። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚጠብቁን፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው። ጊዜ አለ።

ነርሷ "ምንህን ነው ያመመህ?" ስትለኝ "አሁን ምንም" አልኳት። ወንድሜ ከጎኔ ሆኖ፣ "አትመኑት፣ ሕመም መደበቅ ይወዳል" አላት። ደሜን ለኩ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠርተው ደግመው ለኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ዶክተሩ መጥቶ የደም ግፊቴ ከመጠን በላይ መውጣቱን፣ የልቤም አመታት የተዛባ መሆኑን ነገረኝ። እንዴት አይዛባ! እናቱ የሞተችበት፣ ወንድሙ ዐይኑ እያየ ገደል ሊገባ የነበረ፣ እንቅልፍ በዐይኑ ያልዞረ ሰው! ይህን ልለው አልችልም፤ ወንድሜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ደምህ እየተወሰደ በየሰዓቱ መታየት አለበት፣ ከሰዓት በፊት አትወጣም አለኝ ዶክተሩ።

ደነገጥኩ። ልነሳ ስል ወንድሜ መልሶ አስተኛኝ። "ፈርሜ እወጣለሁ" አልኩ፤ ጫማዬን አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ደበቀብኝ። የሃምሳ ዓመት ሰውዬ በካልሲ! ሽንት ቤት ገብቼ ለእህቴ ደወልኩላት። እያለቀሰች፣ "እዚያ እንዳትነግረው፤ ሽማግሌዎቹን እልካቸዋለሁ፣ እነሱ በወጉ ይንገሩት፤ ከዚያ አብራችሁ ወደ መስጊድ" አለችኝ። ከክሬሰንት ታውን እዚያ ድረስ ከተማውን ከዳር ዳር ማቋረጥ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። አውራ ጎዳናው በአደጋ ተዘግቶ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሏቸዋል። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ፤ ወንድሜ የልቤን መስመር የሚያሳየውን ማሽን ያያል። "ጋሽዬ፣ ለእማዬ ልደውልላትና ድምፅህን ትስማ?" አለኝ አንዴ። "ተኝታ ይሆናል፤ ተዋት" አልኩት። ይህን ያልኩበትን አፌን ልመታው ይገባኝ ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ትልቁ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ በሠፈራችን ሰው ሲሞት ተጠርተው መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እንደ ወጉ ቀስ ብለው ገቡ። "እንደምን አላችሁ ልጆቼ? ሥራው እንዴት ነው? ቁርስ ቀመስክ?" አሉት ወንድሜን፤ ከኪሳቸው የታሸገ ጭማቂ አውጥተው በእጁ አስያዙት። "እስቲ ተጎንጭ። ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ።"

ወንድሜ አልተቀመጠም። አንዱን ፊት አየ፤ ሁለተኛውን አየ፤ ደረቴ ላይ ያለውን ሽቦ አየ። ጭማቂው ከእጁ ወደቀ። "ዶክተሩ ለእናንተ ነግሯችሁ ነው የመጣችሁት? ለእኔ አልነግርም ብሎ?" አለ። "ጋሽዬ ሊሞት ነው፣ አይደል? እሱን ልትነግሩኝ ነው የመጣችሁት!" እግሬ ላይ ተደፍቶ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ። ለእኔ! ለእኔ ነው የሚያለቅሰው! እንዲያ ደንግጬ አላውቅም፤ ቁልቁለቱ ላይም እንዲያ አልደነገጥኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። "ወንድምህ ደህና ነው ልጄ። አላህ የወሰዳት እናታችሁን ነው። ሁለታችሁም ሶብር አድርጉ።" ይህን ሲሉ እኔንም እሱንም እኩል እያዩ ነው። እኔም ገና አሁን እንደሰማሁ አድርገው ነገሩን። ልጁ እንዳይቀየመኝ አስበው ያደረጉት መሆኑ ገባኝ። ገባኝና ጮህኩ። ያን አላስመሰልኩም። ከትናንት ማለዳ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ማሽኑም አብሮኝ ጮኸ፣ ነርሶች ሮጠው መጡ። ወንድሜ የራሱን ትቶ እኔን አቀፈኝ። "ልብህን ጋሽዬ፣ ልብህን፤ ቀስ በል" ይለኛል እያለቀሰ።

"ቀብሯ መቼ ነው?" አለ ድንገት ቀና ብሎ።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። "ሩጡ" አሉ።

ሽቦውን ነቅዬ ፈረምኩ። መንገዱ ያው እንደተዘጋ ነው። መስጊዱ ጋ ሳንደርስ ሶላቷ ተሰገደ፤ ወደ መቃብሩ ዞረን ስንደርስ ሰው መበተን ጀምሮ ነበር። አፈሩ ተመልሷል። ሁለት ሰዎች ዳሩን በአካፋ እያስተካከሉ ነው። ወንድሜ ከመኪናው ሮጦ ወረደና ተንበርክኮ ሁለት እጁን እርጥቡ አፈር ውስጥ ከተተ። ሊያነሳው አይደለም፣ ሊጨምር አይደለም፤ ዝም ብሎ ከትቶ ቆየ። ሰዎቹ አካፋቸውን ይዘው ራቅ አሉልን።

ከኋላው ቆሜ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። ጉንጩ ላይ አፈር አለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለኝ። "ከኤርፖርት ቀጥታ ቤት ብንሄድ ኖሮ እንደርስላት ነበር። ቤት እንሂድ እያልከኝ ሆስፒታል ካልሄድን ብዬ ያስቸገርኩህ እኔ ነኝ። ጫማህን የደበቅሁብህ እኔ ነኝ። እኔም አልቀበርኳት፣ አንተም እንዳትቀብራት አደረግሁህ።" አፈራም እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። "ጋሽዬ፣ አፉ በለኝ።"

አሁን ንገረው አልኩ ራሴን። እውነቱን ንገረውና ይህን ሸክም ከላዩ ላይ አውርድለት። አፌንም ከፈትኩ። ብነግረው እናቱን ባጣበት ሰዓት ወንድሙንም ያጣል አልኩ፤ ይህ ሰበብ ነው። እውነቱ መፍራቴ ነው፤ እሱ እንደዚያ እያየኝ፣ ያ ፊት ሲለወጥ ማየትን ፈራሁ። እጄን ዘርግቼ ከአፈሩ አነሳሁት።

"አፉ ብዬሃለሁ" አልኩት።